ቀዩ አጭር ሂቢስከስ፣ ቢጫው ወይስ የፈረንጁ? ለሰሜን ሸዋ ግቢና እርከን የሚሆነውን መምረጫ

ሂቢስከስ ሊተክል ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው አበባውን አይቶ ነው። ሰሜን ሸዋ ላይ ግን አበባው መጨረሻ የሚጠየቅ ነገር ነው። ከጣርማበር አናት ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ውርጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ሙቀት ለመድረስ ሁለት ሰዓት የመኪና መንገድ እንኳ አይፈጅም። አንዱ ጋ ዓመቱን ሙሉ የሚያብብ ቁጥቋጦ ሌላው ጋ ታኅሣሥን አይሻገርም። ስለዚህ ጥያቄዎቹ በዚህ ቅደም ተከተል ይምጡ፦ ቦታው ስንት ሜትር ላይ ነው? ከጥቅምት እስከ ግንቦት ውኃ የሚያጠጣ ሰው አለ? ተክሉ እስከ ምን ቁመት ቢደርስ ነው የሚፈለገው? የአበባው ቀለም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ከፍታው ይወስናል

ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ አልዩ አምባና የምንጃር ዝቅተኛው ክፍል ለሁሉም ዓይነት ሂቢስከስ ይመቻሉ። እዚያ ያለው ችግር ብርድ ሳይሆን የውኃ እጥረትና ፍየል ነው። አረርቲና ዓለም ከተማ አካባቢ፣ ማለትም ወይና ደጋው ላይ፣ ፀሐይ በደንብ የሚያገኝና ውኃ የማይቋጥር ተዳፋት ከተገኘ አጭሩ ቀይም ቢጫውም ይሆናሉ፤ እድገታቸው ግን ከቆላው ይዘገያል።

ደብረ ብርሃን፣ ሰላ ድንጋይና መንዝ ላይ ሂቢስከስን ሜዳ ላይ መትከል ችግኝ ማባከን ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ቀን አለ። የሂቢስከስ ለስላሳ ቀንበጥ ውኃ የሞላው ነው፤ ውርጭ አንድ ሌሊት ካገኘው በማግስቱ ጠዋት የተቀቀለ ጎመን መስሎ ጠቁሮ ይንጠለጠላል። የግድ ካሉ በትልቅ ማሰሮ ወይም በበርሜል ቁራጭ ተክለው ወደ ደቡብ ከሚያይ ግድግዳ ሥር ያስቀምጡት። በእነዚያ ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። ለእርከን ወይም ለአጥር ከሆነ ደግሞ ደጋው ላይ ትሪ ሉሰርን አለ፤ ብርዱን ይችላል፣ ለከብትም ይታጨዳል። ሂቢስከስን እዚያ ማስገደድ ምንም ትርፍ የለውም።

ዕጩዎቹ

የዚህ መመሪያ ዋና ጉዳይ አጭሩ ቀይ ሂቢስከስ ነው፤ በሳይንስ ስሙ ሂቢስከስ አፖኔውረስ። ኢትዮጵያን ጨምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጅ ነው፤ በተፈጥሮ የሚገኘው በደረቅ ሣር ምድርና በቁጥቋጦ ቦታ ነው። ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ያድጋል፣ ማለትም ከጉልበት እስከ ወገብ። ቅጠሉ ትንሽ፣ ዳሩ እንደ መጋዝ የተቆራረጠና ሲዳሰስ ሻካራ ነው። አበባው ደማቅ ቀይ ነው፤ ተከፍቶ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። የፈረንጁን ትልቅ አበባ ለለመደ ዓይን ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እያንዳንዱ አበባ ዕድሜው አንድ ቀን ስለሆነ ዋናው ነገር በቀን የሚከፈተው ብዛት ነው። ፀሐይ የሚያገኝና የተገረዘ ተክል ከእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ተከታታይ እንቡጥ ያወጣል።

ይህን ተክል በቅርብ ማየት ለመምረጥም ለመለየትም ስለሚጠቅም ትንሽ እንቆይበት። ቅጠሉን ገልብጠው በማጉያ መነጽር ወይም በስልክ ካሜራ አቅርበው ሲያዩት ጸጉሩ ነጠላ ሳይሆን ከአንድ ነጥብ ወደ ዙሪያው የሚበተን ኮከብ ነው። ሻካራነቱ ከዚያ ይመጣል። ይኸው ጸጉር ከቅጠሉ በተን መልክ የሚባክነውን ውኃ ይቀንሳል፤ ቆላ ላይ ከለስላሳው የፈረንጅ ዓይነት የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አበባው አምስት ቀለማም ቅጠል አለው። ከመሀሉ አንድ ቱቦ ይወጣል፤ ወንዴዎቹ ክሮች ተጣብቀው የሠሩት ቱቦ ነው፣ ጎንና ጎኑን ትናንሽ የብናኝ ከረጢቶች ተሰክተውበታል። በቱቦው ውስጥ ያለፈው የሴቴው አካል ጫፉ ላይ በአምስት ተከፍሎ አምስት ትናንሽ ራስ ያወጣል። ከአበባው ሥር አረንጓዴው ጽዋ አለ፤ ከጽዋው ሥር ደግሞ ሁለተኛ የቀጫጭን ቅጠሎች ቀለበት አለ። ይህን ሁለተኛ ቀለበት ያስታውሱት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው ዕጩ ትንሿ ነጭ አበባ፣ ሂቢስከስ ማይክራንተስ ናት። ከአፍሪካ ደረቅ ቆላዎች እስከ ዓረብ ምድርና ሕንድ ትገኛለች። ቅርንጫፏ እንደ ጭራሮ ቀጭን ነው፤ አበባዋ ነጭ ወይም ፈዛዛ ሮዝ ሆኖ ቅጠሎቹ ወደ ኋላ የተቀለበሱ ናቸው፤ ስፋቱ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው። ለጌጥ የሚመርጣት ሰው የለም፣ እውነቱን ለመናገር። ድርቅን በመቋቋም ግን ከሁሉም ትበልጣለች፤ ድንጋያማ፣ ስስ አፈር ባለው ጥግ ላይ ሌላው ሲደርቅ እሷ ትቆማለች። ፍየልም ትወዳታለች፤ ይህ እንደ ባለቤቱ ፍላጎት ጥቅምም ጉዳትም ነው።

ቢጫዎቹ ሁለት ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ይምታታሉ። ሂቢስከስ ካሊፊለስ አበባው ከ8 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ መሀሉ ጥቁር ወይን ጠጅ የሆነ ቆንጆ ቁጥቋጦ ነው። እስከ 2 ሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል፣ ቅጠሉ ልብ የሚመስል ሰፊ ነው፤ የወንዝ ዳርንና የዛፍ ጥላን አይጠላም። ሂቢስከስ ቪቲፎሊየስም መሀሉ የጠቆረ ቢጫ አበባ አለው፤ ነገር ግን ቅጠሉ እንደ ወይን ቅጠል ሦስት ወይም አምስት ጣት ያወጣል፣ ጠባዩም የአረም ነው። ራሱን በራሱ እየዘራ በማሳ ዳርና በመንገድ ዳር ይበቅላል። ከሁለቱ ለግቢ የሚመረጠው ካሊፊለስ ነው። ቪቲፎሊየስን ያስገባ ሰው በሁለተኛው ዓመት ከሽንኩርት መደቡ ውስጥ ሲነቅለው ይውላል።

የፈረንጁ የሚባለው በችግኝ መሸጫው ሁሉ የሚገኘው ሂቢስከስ ሮዛ-ሳይነንሲስ ነው። የእስያ ዘር ነው። አበባው ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሆናል፤ ቀይ፣ ሮዝ፣ ብርቱካናማ፣ ድርብርብ፣ የፈለጉት ዓይነት አለው። ካልተገረዘ ከ2 ሜትር ያልፋል። ሸዋ ሮቢት ላይ ቧንቧ ላለው ሆቴል ግቢ እሱን የሚያህል የለም። ውኃ በሳምንት አንዴ የሚመጣበት ግቢ ውስጥ ግን ከጥር በኋላ እንቡጡን እያራገፈ ቅጠሉን ያቢጫል። የጓሮ ዝርያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ዘር አይቋጥሩም፤ ስለዚህ የሚባዙት በግንድ ቁራጭ ነው። ከአንድ እናት የተቆረጡ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ አንዱን የጎዳ በሽታ ሁሉንም ይጎዳል።

ከርከዴን የሚጠይቅም ይኖራል። እሱ ቁጥቋጦ ሳይሆን የአንድ ወቅት ሰብል ነው። ቀኑ ሲያጥር ስለሚያብብ በሰኔ ቢዘራ አበባው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይመጣል። የሚለቀመው አበባው ሳይሆን አበባው ከረገፈ በኋላ የሚወፍረው ቀይ ጽዋ ነው። ጽዋው ገና ጥርት ብሎ ሲሰበር፣ ሦስት ሳምንት ገደማ ላይ፣ ይለቀምና ዘሩ ወጥቶ ጥላ ሥር ይደርቃል። ሻይ የሚፈልግ ሰው ይህንን ይዝራ። የቀሩትን ዕጩዎች ለሻይ ብሎ መትከል አያዋጣም፤ ጽዋቸው ደረቅ ነው፣ አይወፍርም።

በእጅዎ ያለው የትኛው ነው?

አገር በቀሉ ሂቢስከስ በገበያ በብዛት ስለማይሸጥ የሚገኘው ዘር በመልቀም ወይም ቁራጭ በመውሰድ ነው። ስሕተቱም የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ሰው በአበባ ቀለም ለይቶ ይወስድና ዓመት ቆይቶ ሌላ ነገር ያገኛል። ከአበባው ይልቅ ፍሬው አይዋሽም።

የደረሰ ፍሬ ይውሰዱና በአውራ ጣት ጥፍርዎ ይክፈቱት። በአምስት ክፍል ተሰንጥቆ ከውስጡ ነጭ ሐር የመሰለ ረጅም ጸጉር የለበሰ ዘር ከወጣ፣ በእጅዎ ያለው ወይ ቀዩ አፖኔውረስ ወይ ትንሿ ማይክራንተስ ናት። ሁለቱም የጥጥ ዘመዶች ከመሆናቸውም በላይ ዘራቸው እንደ ጥጥ ባዘቶ ይለብሳል። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው፤ የማይክራንተስ ፍሬ ከአተር ብዙም የማይበልጥ ድቡልቡል ነው፣ አበባዋም አያሳስትም። ፍሬው ጎን ለጎን አምስት ስስ ክንፍ ካወጣ ቪቲፎሊየስ ነው፤ ሌላ ዕጩ እንዲህ ያለ ክንፍ የለውም። ከጽዋው ሥር ያለው ሁለተኛ ቀለበት እንደ ክር ቀጭን ሳይሆን ሰፊ፣ ቁጥሩ አምስት፣ ጫፉ የሾለ ከሆነ ደግሞ ካሊፊለስ ነው።

ጭራሹን ሂቢስከስ ያልሆኑም ይቀላቀላሉ። ለመጥረጊያ የሚታሰረው ጭፍርግ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ልጡ እንደ ክር ይላጣል፣ ቅጠሉ ሲታሽ ይልጋል። ነገር ግን ከጽዋው ሥር ሁለተኛ ቀለበት የለውም፤ ፍሬውም ሲደርስ አይሰነጠቅም፣ እንደ ዳቦ ቁራሽ ወደ ትናንሽ ክፍሎች ይበታተናል። ፓቮኒያ የሚባለው ዘመድ የበለጠ ያታልላል፤ ሁለተኛው ቀለበት አለው። እሱን የሚያጋልጠው የሴቴው ጫፍ ነው፤ በአምስት ሳይሆን በአሥር ይከፈላል። በእርሻ ውስጥ የሚገኘው፣ ጽዋው እንደ ፊኛ ተነፍቶ ወይን ጠጅ መስመር የሚታይበት ዓመታዊ አረም ሂቢስከስ ትሪዮነም ነው፤ ሂቢስከስ መሆኑ እውነት ነው፣ ለግቢ ግን አይሆንም።

አሁንም ጥርጣሬ ካለ አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም የደረቀ ናሙና የሚታይበት ቦታ ነው። ናሙናው አበባም ፍሬም ያለው አንድ ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ ይሁን፤ በጋዜጣ መሀል ተደርጎ ከባድ ነገር ይጫንበት። የሂቢስከስ አበባ ልጋግ ስላለው ጋዜጣው ላይ ይጣበቅና ሲላቀቅ ይቀደዳል፤ ስለዚህ አበባውን በሶፍት ወረቀት ለብቻው ሸፍኖ ያ ወረቀት እስኪደርቅ አለመንካት ነው። ጋዜጣው ብቻ በየቀኑ ይቀየር። ወረቀቱ ላይ ቦታው፣ ከፍታው፣ የተክሉ ቁመትና የአበባው ቀለም ይጻፍ፤ ቀለሙ ሲደርቅ ይጠፋልና።

ለምን ይፈለጋል?

ለመንገድ ዳር፣ ለደረጃ ግራና ቀኝ፣ ለመስኮት ሥር፣ በአጠቃላይ እይታ ሳይጋርድ ቀለም ለሚፈለግበት ቦታ፣ ከሁሉም ቀዩ አፖኔውረስ ይሻላል። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ተገርዞ በቁመቱ የሚቆይ እሱ ነው። የፈረንጁን እዚህ ቦታ ላይ መትከል በየወሩ መቀስ መያዝ ማለት ነው፤ በተገረዘ ቁጥርም ሊያብብ የነበረው ጫፍ አብሮ ይሄዳል።

ለእርከን ጠርዝ ከሆነ ብቻውን አይታመን። አፖኔውረስም ሆነ ማይክራንተስ አፈር የሚይዝ ጥቅጥቅ ያለ የሣር ሥር የላቸውም። የእርከኑን ከንፈር ደሾ ሣር ወይም ቬቲቨር ይያዘው፤ ሂቢስከሱ ከሣሩ በስተ ላይ፣ ግማሽ ሜትር ገባ ብሎ ይተከል። ለከብት መከላከያ አጥርነት አንዳቸውም አይሆኑም፤ ለዚያ ቆላው ቅንጭብ አለው።

ለንብ ብሎ መትከልን በተመለከተ ብዙ ይወራል። የሂቢስከስ ብናኝ ትልቅና እሾሃማ ስለሆነ የማር ንብ እግሯ ላይ ጠቅጥቃ ለመሸከም ይቸግራታል፤ ከአበባው ሥር ያለውን ወለላ ግን ትቀስማለች። ወደ ቀዩ አበባ ደጋግማ የምትመጣው ቀጭን ምንቃር ያላት አበባ ቀሳሚዋ ወፍ ናት። ማር የሚፈልግ ሰው ግራዋና ግራር ይትከል፤ ሂቢስከሱ ለዓይንና ለወፍ ነው።

ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ለምሳሌ ከማንጎ ወይም ከዋንዛ ሥር፣ ቀዩ ይሰንፋል፤ ቅርንጫፉ ይመዘዛል፣ እንቡጡ ይቀንሳል። እዚያ ካሊፊለስን ያስገቡ።

ዘር ወይስ ቁራጭ?

አፖኔውረስን በሁለቱም ማባዛት ይቻላል። ብዙ ችግኝ ለሚፈልግ ዘሩ ይሻላል፤ ቁራጭ የሚጠቅመው ደህና የሚያብብ አንድ ተክል ተገኝቶ እሱኑ መድገም ሲፈለግ ነው።

ዘሩ የሚለቀመው ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ሲቀየርና ጫፉ መሰንጠቅ ሲጀምር ነው። አንድ ሁለት ቀን ከዘገዩ ባዘቶውን ነፋስ ይወስደዋል። በወረቀት ከረጢት ይያዝ፤ በፌስታል የተያዘ ይሻግታል። ፍሬው ላይ ቀያይ ትኋኖች ተሰብስበው ከታዩ የጥጥ ዘር መጣጮቹ ናቸው፤ ዘሩን ወግተው ስለሚመጥጡ ውጭው ደህና መስሎ ውስጡ ባዶ ይሆናል። ከዚያ ተክል ባይለቀም ይመረጣል።

ባዶውን ከሙሉው ለመለየት ውኃ ውስጥ መጨመር የተለመደ ነው። በዚህ ዘር ላይ ግን እንደወረደ ከተሠራ ያሳስታል፤ ባዘቶው አየር ስለሚይዝ ጥሩውም ይንሳፈፋል። መጀመሪያ ዘሩ በደረቅ ደቃቅ አሸዋ መሀል በሁለት መዳፍ ይታሽ፣ ባዘቶው እስኪለቅ ድረስ። ከዚያ ውኃ ውስጥ ይጨመር፤ የሰጠመው ይዘራል፣ የተንሳፈፈው ይጣላል።

የሂቢስከስ ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፤ ውኃ አያስገባም። እንደወረደ የተዘራ ከመቶው ጥቂቱ ይወጣል፣ ቀሪው ወራት ይተኛል። ሁለት መፍትሔ አለ። አንዱ ዘሩን በአሸዋ ወረቀት መፋቅ ነው፤ ቅርፊቱ ቀለሙን እስኪቀይር ብቻ፣ ወደ ነጩ ሳይደርስ። ሌላው የሞቀ ውኃ ነው፤ ውኃው ፈልቶ ከእሳት ይወርድና 5 ደቂቃ ገደማ በረድ ካለ በኋላ ዘሩ ላይ ይፈስሳል፣ እዚያው እየቀዘቀዘ አንድ ሌሊት ያድራል። ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ደግሞ 96 ገደማ ላይ ነውና ቆላ ያለ ሰው ትንሽ ይበልጥ ያብርደው። እሳት ላይ ሆኖ የሚፈላ ውኃ ውስጥ የተጨመረ ዘር ይቀቀላል። ጠዋት ያበጠው ይዘራል፤ ያላበጠው ይፋቃል።

የችግኝ አፈር የተለመደው 3፡2፡1 ይበቃል፤ ሦስት እጅ የአካባቢ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ። የአካባቢው አፈር ዋልካ ከሆነ አሸዋው ሁለት እጅ ይሁን። በአንድ ፕላስቲክ ቱቦ ሁለት ዘር፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ይዘራል፤ ከዚያ በላይ ከጠለቀ ቡቃያው ሳይወጣ ይበሰብሳል። ሙቀት ባለበት ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይበቅላል። አራት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ደካማው ይነቀላል። የተለመደው ስሕተት እዚህ ነው፦ ሁለቱንም ማሳደግ። ሥራቸው ተጠላልፎ ሁለቱም ይቀጭጫሉ።

ለቁራጭ የሚሆነው ለምለሙ ጫፍም ያረጀው ግንድም አይደለም፤ እርሳስ የሚያህል፣ ቅርፊቱ ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ መለወጥ የጀመረ ነው። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ሦስት ወይም አራት አንጓ ያለው። ታችኛው ቆረጣ ከአንጓው ልክ ሥር ይሆናል፤ ሥር የሚወጣው ከዚያ ነውና። የታችኞቹ ቅጠሎች ይነሱ፣ ከላይ የቀሩት ሁለቱ በግማሽ ይቆረጡ፣ እንቡጥ ካለ ይነቀል። ሁለት አንጓ አፈር ውስጥ ገብቶ በዳስ ጥላ ሥር ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይቆያል። አዲስ ቅጠል ማውጣቱ ብቻ ሥር አበጀ ማለት አይደለም፤ በግንዱ ውስጥ ባለው ስንቅም ቅጠል ያወጣል። በቀስታ ሳብ ሲደረግ እምቢ ካለ ሥር ይዟል።

አተካከል

ችግኙ አንድ ስንዝር ሲያልፍ ለሜዳ ይደርሳል። ከመተከሉ ሦስት ሳምንት በፊት ዳሱ ይነሣና ውኃው በየቀኑ ከመጠጣት ወደ ሦስት ቀን አንዴ ይውረድ፤ ጥላ ለምዶ በቀጥታ ፀሐይ ላይ የወጣ ችግኝ ቅጠሉ ይቃጠላል። ክረምቱ ከያዘ በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ፣ ይተከላል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተተከለ ሥሩን ሳያወርድ በጋ ያገኘዋል።

ጉድጓዱ 40 በ40 በ40 ሳንቲ ሜትር ይቆፈር፤ የላይኛውና የታችኛው አፈር ለየብቻ ይውጣ። ሲሞላ የላይኛው አፈር አንድ አካፋ ኮምፖስት ተደባልቆ ወደ ታች ይገባል። ትኩስ ፍግ አይጨመር፣ ሥር ያቃጥላል። ቱቦው በምላጭ ተቀድዶ ሙሉ በሙሉ ይወገድ፤ ከሥር ብቻ ቀድዶ መትከል ሥሩ እንዲጠማዘዝ ያደርገዋል፣ ተክሉም ሁለተኛው ዓመት ላይ ያለ ምክንያት የደረቀ ይመስላል። የችግኙ አንገት ከመሬቱ እኩል ይሁን። ለተከታታይ ረድፍ ከአንዱ እስከ አንዱ ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ለቀዩ፣ ከ1 ሜትር ተኩል ያላነሰ ለካሊፊለስና ለፈረንጁ።

ዋልካ አፈር ላይ ጉድጓድ መቆፈር ወጥመድ ነው፤ ክረምት ላይ እንደ ገንዳ ውኃ ያቁራል። እዚያ ከመሬቱ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ተሠርቶ በላዩ ይተከላል።

ፍየል ባለበት የመጀመሪያው ዓመት በግራር እሾህ ካልታጠረ ሌላው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። በመጀመሪያው በጋ አንድ ተክል በሳምንት 5 ሊትር ይበቃዋል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራት ተክል ያጠጣል። ከሥሩ ዙሪያ ደረቅ ሣር ይጎዝጎዝ፣ ግንዱን ግን አይንካ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ቀዩና ማይክራንተስ ቆላ ላይም ቢሆን ከስንት አንዴ ብቻ ቢጠጡ ይኖራሉ። የፈረንጁ ያቺን 5 ሊትር ዕድሜውን ሙሉ ይፈልጋል፤ እንዲያውም ከዚያ በላይ። አሥር ተክል ያለው ግቢ የሁለቱን ልዩነት በጀሪካን ማስላት ይችላል።

ሲበላሽ

ቅጠሉ ብዙና ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ አበባ ከሌለ ዩሪያ ወይም ፍግ በዝቶበታል፤ ወይም ጥላ ነው። ማዳበሪያውን ማቆም ነው እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም። እንቡጡ ሳይከፈት የሚረግፍ ከሆነ አንዱን ሰንጥቀው ነጭ ወረቀት ላይ ያራግፉት፤ ቀጫጭን፣ እንደ ሰረዝ ያሉ ነፍሳት ከሮጡ ትሪፕስ ናቸው። ምንም ካልወጣ ችግሩ ውኃው ነው፤ ሲደርቅ ቆይቶ በአንድ ጊዜ የሚርስ ተክል እንቡጡን ይጥላል።

የቀንበጡ ጫፍ ተጨማድዶ፣ ተኮማትሮ፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከታየበት ዱቄታሙ ተባይ ነው። እሱ ሲመጣ ጉንዳን ይከተላል፤ የሚያመነጨውን ጣፋጭ እየላሰ ይጠብቀዋል። የተጨማደደውን ጫፍ ቆርጦ ማቃጠልና የጉንዳኑን መንገድ ማቋረጥ ከመርጨት ይቀድማል። ክሽክሽና ነጭ ዝንብ ከሆኑ በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ተበጥብጦ ማታ ማታ በቅጠሉ ሥር ይረጫል፤ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ይደገም። በቀትር የተረጨ ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል። ይህ ችግር በፈረንጁ ላይ ይብሳል፤ ሸካራው የቀዩ ቅጠል ያን ያህል አይመቻቸውም።

ባሚያ ወይም ቲማቲም በነበረበት መደብ ላይ የተተከለ ሂቢስከስ ቀጭጮ ከቀረ አንዱን ነቅለው ሥሩን ይዩ። እባጭ ካለበት የሥር ትል ነው፤ ለሁሉም ሂቢስከስ ይተርፋልና ቦታ መቀየር ይሻላል።

መገረዙ በበጋው መጨረሻ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው። አበባው የሚወጣው ከአዲስ ቀንበጥ ስለሆነ ከጠቅላላ ቁመቱ አንድ ሦስተኛ ይነሣል፤ ከታች የሞተና የተጠላለፈ ቅርንጫፍ ከመሠረቱ ይወጣል። የሚቆረጠው ወደ ውጭ ከሚያይ ቡቃያ በላይ፣ በስል መቀስ ነው፤ በደነዘዘ ቢላ የተቆረጠ ልጡ እንደ ገመድ እየተተለተለ ወደ ታች ይላጣል፣ በሽታም በዚያ ይገባል። ዓመታት አልፈው ከታች ራቁቱን የቀረና ጫፉ ላይ ብቻ የሚያብብ ተክል ካለ ከጉልበት በታች ቆርጦ አንድ ክረምት መጠበቅ ይቻላል፤ ካላቆጠቆጠ ቀደም ሲል ከእሱ በተወሰደ ቁራጭ ይተካል።